ዝም ብሎ መደገፍ

ከቴኒስ ሜዳው ደረጃ አናት ላይ ገመድ ይዛ የምትቆም ልጅ አለች። የክረምት ሥራ ያገኘች ተማሪ ትመስላለች። ጨዋታው እየሄደ ከሆነ ማንንም አታሳልፍም። ትኬትህ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ የሚጠጣ ልትገዛ ወጥተህ ይሁን ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ተጫዋቾቹ ጎን ሊቀይሩ እስኪቀመጡ ድረስ እዚያው ቆመህ ትጠብቃለህ። ታይ ብሬክ (እኩል ሲሆኑ የሚጫወቱት መለያ) ከገባ ደግሞ ጎን ይቀይራሉ እንጂ አይቀመጡም። ስለዚህ አንተም አትቀመጥም።

በ2022 ክረምት አሜሪካዊው ፍራንሲስ ቲያፎ አውስትራሊያዊውን ኒክ ኪርዮስን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው እኔ እዚያ ገመድ ጋ ነበርኩ፣ በሁለት እጄ ሁለት የሎሚ ጭማቂ ይዤ። አንዱ የልጄ ነው። አንድ ነጥብ ቀረው፣ አመለጠው። እንደገና አንድ ነጥብ ቀረው፣ አሁንም አመለጠው። አምስት ጊዜ! ከአምስቱ ምን ያህሉን በዓይኔ እንዳየሁ አትጠይቁኝ፤ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ትከሻው የበር ያህል ነበር። ልጄ ከታች ወንበራችን ላይ ሆና ዞራ ዞራ ታየኛለች። በመጨረሻ ታይ ብሬኩ 14 ለ 12 ለኪርዮስ ሆነ። በረዶው ቀልጦ፣ ጭማቂው ውሃ ሆኖ ስገባ የቲያፎ ትከሻ ወርዷል። ሦስተኛውን ሴት 6 ለ 2 ተሸነፈ።

(ስለ «ሴት» ይቅርታ። የጨዋታው አንድ ዙር ነው፣ ከሦስቱ ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በማግስቱ ለአንድ ወዳጄ በስልክ «በሁለት ሴት ለአንድ ተሸነፈ» እያልኩ ስነግረው ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ሚስቱ ምን እንዳለች አልነግራችሁም።)

ከመቀጠሌ በፊት፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ውድድሩ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ስሙ እንደ ስፖንሰሩ ስለሚቀያየር እኛ ቤት በፓርኩ ስም «የሮክ ክሪኩ» ነው የምንለው። በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይመጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ 16ኛውን ጎዳና ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው፤ ኬኔዲ ጎዳና ላይ ስትደርስ በስተቀኝ ዛፍ መሐል ስታዲየሙን ታያለህ። በስተግራ ትንሽ ከሄድክ ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ነው። እዚያ ስንት የሐበሻ ቤት እንዳለ የዚህ አገር ነዋሪ ያውቀዋል። ደጃችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። ግን ግቢው ውስጥ ሐበሻ ፈልጉ ብትሉኝ በር ላይ ሰው የሚያወርዱ የታክሲና የኡበር ሾፌሮችን ነው የማሳያችሁ።

እኔም በሾፌር ነው የገባሁት። ጋሼ የምለው ጎረቤቴ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች አንድሬ አጋሲ እዚህ አምስት ጊዜ ዋንጫ ሲወስድ ጋሼ ከበሩ ሰው ያመላልስ ነበር። ስለ ቴኒስ ያለው እውቀት ከኋላ ወንበር የተለቀመ ነው። የተጫዋቾቹን ስም እንጃለት እንጂ የተሳፋሪውን ፊት አይቶ ማን እንዳሸነፈ ይነግርሃል። አንድ ዓመት የሆነ ደንበኛው ሁለት ትኬት ሰጠውና «ና እንሂድ» አለኝ። «ጋሼ፣ እኔ የሜዳ ቴኒስ ምን አውቃለሁ?» ስለው፣ «ማወቅ አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ዝም ማለት ነው። ግን ዝም ማለት እንዲህ ሥራ መሆኑን ማን ያውቃል! እኛ ከኳስ ጋር የምንተዋወቀው በጩኸት ነው። በየዓመቱ የፈረንጅ ሐምሌ ሲገባ የሚደረገውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ሳምንት አስቡት። እዚያ ሜዳው ላይ ኳስ እንዳለ ራሱ ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው ሃያ ዓመት ያላየውን ጓደኛ እየፈለገ፣ ጥብስ እየገዛ፣ በድምፅ ማጉያው እየተጠራ ነው። አገር ቤትም ስታዲየም ተቀምጠህ ዝም ካልክ ሰው ታመሃል ወይ ይልሃል። ሮክ ክሪክ ላይ ግን 7,500 ሰው በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወበቅ፣ አንድ ልጅ ኳሷን መሬት ላይ እያነጠረ እስኪያስባት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የሚሰማው ዛፍ ላይ ያለው ሲካዳ የሚባለው ነፍሳት ጩኸትና አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ነው። ዳኛው ማይኩን ይዞ በትህትና «እባካችሁ» ይላል። ከዚያ ኳሷ ተመትታ፣ ተመልሳ፣ ነጥቡ ሲያልቅ ያ ሁሉ የታመቀ ነገር ባንድ ጊዜ ይፈነዳል።

መጀመሪያ ቀን ደረቴን አሞኝ ነው የተመለስኩት። ስጮህ ስውል ግን አሞኝ አያውቅም።

ደግሞ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ጨዋታ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለው፤ «ስንት ዓመቱ ነው?» ስልኬ ላይ አይቼ እነግረዋለሁ። እሱ ሁልጊዜ ትልቁን ነው የሚደግፈው። የ34 ዓመት ሰው ከ21 ዓመት ልጅ ጋር ከተጫወተ ነገሩ ለሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። «ይሄ ጎረምሳ ገና ብዙ ጊዜ አለው፤ ምናለ ቢለቅለት?» ይላል። ስቄበት ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ከኔ የተሻለ ገብቶታል።

ምክንያቱም እግር ኳስ ላይ የምትደግፈው ክለብ ነው። ክለብ አያረጅም። አባትህ ጊዮርጊስን ደግፎ ከሞተ አንተ ትቀጥላለህ፣ ልጅህም እንዲሁ። ተጫዋቹ ሲያረጅ ይሸጣል፣ ሌላ ይመጣል፣ ማሊያው እዚያው ነው። ቴኒስ ላይ ማሊያ የለም። የምትይዘው አንድ ሰው ነው። ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ የትዳሩን ነገር ሳይቀር ይዘህ ነው የምትደግፈው። ይታመማል፣ ያረጃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ማይክ ይሰጡትና አልቅሶ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ሌላ ሰው ካልፈለግክ በቀር ባዶ እጅህን ነህ።

የአንዲ መሪን ሌሊት በዚህ ምክንያት አልረሳውም። 2018 ነው። ጥር ላይ ዳሌውን ቀዶ ጥገና አድርጎ፣ ቀስ እያለ ተመልሶ እዚህ መጣ። ሦስት ጨዋታ ተጫወተ፣ ሦስቱም ሦስት ሦስት ሴት ሄዱበት። ሦስተኛው ከሩማኒያዊው ማሪየስ ኮፒል ጋር ነበር። ዝናብ ሰዓቱን ሁሉ አዛብቶት ስለነበር ጨዋታው ያለቀው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ነው። እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፤ የዚያን ዕለት የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ከመስታወቷ ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። አሸነፈ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ያሸነፈ ሰው! የዓለም አንደኛ የነበረ፣ ዊምብልደንን ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው፣ የሥራ ቀን ሌሊት ላይ፣ ቤታቸው ያልሄዱ ጥቂት ሰዎች ፊት። የሚቀጥለውን ጨዋታ አልተጫወተም፣ ሰውነቱ አልቻለም። መኪናውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ መስታወቱን ሲያንኳኳ ዓይኔ ቀልቶ አየኝና «ቤተሰብ ደህና ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ዝናቡን ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚህ ውድድር ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ መብረቅ ከታየ ሁሉም ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ሰዉ ያማርራል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሥራ ፈት የሆነ ደጋፊ ያኔ ነው የሚያወራው። ከኮሎምቢያ የመጣ ሰውዬ ስለ አጎቱ ራኬት አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቶኝ ያውቃል።

የልምምድ ሜዳዎቹም እንደዚያው ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ስታዲየሙን ትታችሁ ሙሉ ቀን እዚያ ዋሉ እላችኋለሁ። ከአጥሩ ጋር ተለጥፈህ፣ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ የምታየው ሰው ሲያልበው፣ ከአሠልጣኙ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ሙዝ ሲበላ ታያለህ። ስፔናዊው ራፋኤል ናዳል በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሲመጣ ለልምምዱ የተሰበሰበው ሰው ጥምቀት ነበር የሚመስለው። ሁለተኛ ጨዋታው ላይ በሎይድ ሃሪስ ተሸንፎ ሄደ። ልምምዱን ያየን ሰዎች ግን የድርሻችንን አግኝተናል። ኪርዮስ ደግሞ በ2019 የባሰውን አደረገው፤ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው ወደ ፊት ወንበር ሄዶ ተመልካቹን «ሰርቩን (ነጥቡ የሚጀመርበትን ምት) ወዴት ልምታው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዋንጫውንም ወሰደ። ዝም በል ተብሎ የተቀመጠ ሰው አስተያየቱ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚደነግጥ አስቡት።

የኔ ሰውዬ ግን ቲያፎ ነው። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ «ዝም ብዬ ነው» እላለሁ። ዝም ብዬ አይደለም።

አባቱ ኮንስታንት ከሴራሊዮን የመጣ ስደተኛ ነው። ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትልቅ የቴኒስ ማሠልጠኛ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ሕንፃው ሲያልቅ ጠባቂና ጥገና ሠራተኛ አድርገው አስቀሩት። ቢሮ ሰጡት፤ እሱ ቢሮውን ቤት አደረገው። ሁለቱን መንታ ልጆቹን ይዞ በሳምንት አምስት ቀን እዚያው ያድር ነበር፣ ለዓመታት። ልጆቹ የማሳጅ አልጋ ተጋርተው ነው የሚተኙት። እናትየው ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ። ከመንታዎቹ አንዱ ፍራንሲስ፣ በቀን ሌሎቹ ልጆች ሲሠለጥኑ እያየ፣ ማታ ግድግዳው ላይ እየመታ አደገ። በ2022 ኒውዮርክ ላይ፣ በአሜሪካ ኦፕን፣ ናዳልን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ እዚህ አካባቢ ያሉ የፓርኪንግ ሠራተኞች ሁሉ ታሪኩን በቃላቸው ያወሩት ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

አባቴ ዘበኛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትልቅ ግቢ ዘበኛ። ግቢው ውስጥ ቀይ አፈር የለበሰ የቴኒስ ሜዳ ነበረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኳስ አቀባይ ነበርኩ፤ ሳንቲም ይሰጡናል፣ ለዳቦ ትሆናለች። ራኬት መንካት ግን አይቻልም። አንድ ቀን አንዱ ሰውዬ ራኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። አነሳሁና ግድግዳው ላይ ሦስት ኳስ መታሁ። አራተኛውን ሳልመታ አባቴ ደረሰ። የገረፈኝ እሱ ነው፣ ሰውየው አይደለም። ሰውየው እንዲያውም «ተወው፣ ልጅ አይደል» ብሎ ሳቀ። አባቴ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያኔ በኔ የተናደደ ነበር የመሰለኝ። አሁን እኔም የሰው ንብረት ስጠብቅ ነው የምውለው፤ እጁ ለምን እንደተንቀጠቀጠ አውቃለሁ።

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ማታ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ሳነብ ነው የመጣብኝ። የሮክ ክሪኩ ውድድር በ1969 ሲጀመር አሽ ትልቅ እጅ አለበት። ያደገው ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ልጅ ሳለ ነጮች ይጫወቱባቸው የነበሩት የከተማው የሕዝብ ሜዳዎች ለሱ ዝግ ነበሩ። ስለዚህ ዲሲ ላይ ውድድር ሲታሰብ ጥቁር ሰው ሊመጣበት በሚችል ቦታ ይሁን አለ። የሕዝብ ፓርክ ውስጥ፣ ጥቁር ሰዎች ከሚኖሩበት መንደር ጎን ሆነ። እስካሁንም እዚያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለፍጻሜ ደርሶ በብራዚላዊው ቶማዝ ኮክ ተሸነፈ፤ ዋንጫውን የወሰደው በ1973 ነው። ይሄን ሁሉ ከዚያ በፊትም ሰምቼ ነበር። ያልሰማሁት የአባቱን ሥራ ነው። የአሽ አባት ሪችመንድ ውስጥ የጥቁሮች መናፈሻ ጠባቂ ነበር። የሚኖሩትም እዚያው መናፈሻው ውስጥ ባለች ቤት ነው፣ ከቴኒስ ሜዳዎቹ አጠገብ። ልጁ ራኬት ያነሳው እዚያ ነው።

ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ሰዓት ቁጭ አልኩ። መኪና የሚወስድ ሰውም አልመጣም።

እንግዲህ ቲያፎ ይሄንን ውድድር ቢወስድልኝ ምን እንደሚሰማኝ ገምቱ። አልወሰደም። አለመውሰዱ ብቻ ቢሆን ደህና። በ2022 ኪርዮስ አሸነፈው፣ ኪርዮስ ዋንጫውን ወሰደ። በ2023 እንግሊዛዊው ዳን ኤቫንስ አሸነፈው፣ ኤቫንስ ዋንጫውን ወሰደ። በ2024 ሰባስቲያን ኮርዳ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አሸነፈው፣ ኮርዳም ዋንጫውን ወሰደ። (የኮርዳ አባት ፔትር እዚሁ በ1992 አሸንፎ ነበር፤ የአባትና የልጅ ነገር እዚህ ሜዳ ላይ አያልቅም።) ሦስት ዓመት ተከታታይ! ጋሼ «ይሄ ልጅ የሌሎች መሰላል ነው» አለ። ተቀየምኩት። ለሁለት ቀን ቡና አልጠጣሁም ቤቱ።

በ2025 ሩብ ፍጻሜ ላይ ቤን ሼልተን ደረሰው። እሱም የቴኒስ ተጫዋች ልጅ ነው፣ ግራኝ፣ ሰርቩ መድፍ። ስታዲየሙ ሙሉ ለሙሉ ለቲያፎ ነበር። ልጄ አሁን 13 ዓመቷ ነው፤ እሷ የቲሸርት ደጋፊ ናት፣ ስሙን ጽፋ ለብሳለች። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም። በየነጥቡ መሐል «ና በል፣ ና በል» እላለሁ፣ ለራሴ፣ በአማርኛ። የመጀመሪያው ሴት ታይ ብሬክ ገባና ሼልተን ወሰደው። ሁለተኛው 6 ለ 4። ሰዉ ወደ መውጫው ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ለቲያፎ አጨበጨበለት። የሚገርመው ያችን የሦስት ዓመት እርግማን ሼልተን ራሱ ሰበራት፤ በማግስቱ በስፔናዊው ዳቪዶቪች ፎኪና ተሸንፎ ወጣ። ለጋሼ ደውዬ «አየህ፣ መሰላል አይደለም» አልኩት። «አሁንማ መሰላልም መሆን አቃተው» ብሎኝ ሳቀ።

የፍጻሜውን ትኬት አስቀድሜ ገዝቼ ነበር፣ ተስፋ አድርጌ። መሸጥም አልቻልኩም፣ ስለዚህ ከልጄ ጋር ሄድን። ላይ፣ ፀሐይ የማይሸሽበት ቦታ ላይ። ዳቪዶቪች ፎኪና ከአውስትራሊያዊው አሌክስ ደ ሚኖ ጋር። ሁለቱም አይመለከቱኝም፣ ዛሬስ በሰላም አያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ለልጄ ስፔናዊው በሙያው አንድም ዋንጫ ወስዶ እንደማያውቅ ነገራት። ባይነግራት ጥሩ ነበር። መጀመሪያውን ሴት ወሰደ። ሁለተኛውን 6 ለ 1 ተነጠቀ። ሦስተኛው ላይ ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ቀረው። አመለጠው። ደግሞ ቀረው። ደግሞ አመለጠው። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛዋ ስታመልጠው የልጄን ክንድ ጨምድጄ መያዜን ያወቅኩት እሷ «አባዬ!» ስትል ነው። ታይ ብሬኩን ደ ሚኖ 7 ለ 3 ወሰደና አለቀ።

«አንተ ማንንም አልደግፍም ብለህ አልነበር?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«አዎ፣ ሁልጊዜ ዝም ብለህ ነው» አለችኝና ክንዷን አሻሸች።

ስንወጣ መኪናውን የት እንዳቆምነው ጠፋኝ። ከ16ኛው ጎዳና ማዶ ካሉት መንደሮች አንዱ ውስጥ ነው፣ ግን ቤቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው፣ ዛፎቹም አንድ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ፓርኪንግ የሠራሁ ሰውዬ። ልጄ የሰው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እዚያው ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

«ማን ወሰደው?»

«አውስትራሊያዊው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«26።»

«የተሸነፈውስ?»

«እሱም 26።»

ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ምን አሳዘነህ?» ብሎ ዘጋው።